ምድጃው ዝም ሲል

ጠራራ ፀሐይ ላይ ቆሞ ጃንጥላ የሚመርጥ ሰው ወይ ራሱ ጃንጥላ ሻጭ ነው፣ ወይ ሰው እየተከታተለ ነው። ጋሽ ምድጃ ጃንጥላ ሻጭ አለመሆናቸውን ደግሞ እኔ በደንብ አውቃለሁ፤ ዳቦ ቤታቸው ከክርና ቁልፍ ሱቄ ጋር በአንድ ግድግዳ የተጣበቀ ነው።

ያን ቀን ከጅምላ ነጋዴ አንድ ካርቶን ቁልፍ ገዝቼ ስመለስ ነው ድንገት ያየኋቸው። ከአንድ ባለ ሦስት ፎቅ ሕንፃ ትይዩ፣ እግረኛ መንገዱ ላይ ጃንጥላ ዘርግቶ ከሚሸጥ ሰውዬ አጠገብ ቆመዋል። ማንም እንዳያውቃቸው ብለው እስከ ቁርጭምጭሚት የሚወርድ ጥቁር ካፖርት ደርበዋል። ቅንድባቸውና ጆሯቸው ላይ ግን ዱቄቱ እንዳለ ነው። ከሩቅ ላያቸው ዳቦ ቤቱ ራሱ ካፖርት ለብሶ የወጣ ይመስላሉ። ጋሽ ምድጃ ያላቸው ሰፈሩ ነው፤ አንዴ ከጋሉ ቶሎ ስለማይበርዱ። ስሙን ያውቁታል፣ ብዙም አይጠሉትም።

«ጋሼ፣ ዝናብ ሊመጣ ነው እንዴ?» አልኳቸው።

«ዝም በይ!» አሉና የያዙትን ጃንጥላ በሁለታችን ፊት ደቀኑት። «ወደ ሕንፃው አትመልከቺ።»

«ወደ የትኛው?»

«ወደዚያ! አሁን ወደምትመለከቺው!»

ዞር አልኩ። «ምን አለ እዚያ?»

«በኩሩ ገብቷል። ሁለተኛ ፎቅ፣ በግራ በኩል። አንዲት ባለ መነጽር ሴትዮ አለች። ታስገባዋለች፣ በር ትዘጋለች፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ታስወራዋለች። ሲወጣ ታዲያ ዓይኑ በርበሬ መስሎ፣ እግሩ ተሳስሮ ነው። ደህና የነበረ ሰው!»

«ደህና ነበር?»

ጋሽ ምድጃ ትንሽ አሰቡ። «ዝም ብሎ ነበር» አሉ።

እዚህ ላይ ለማያውቅ ሰው ነገሩን ላስረዳ። በኩሩ የምንለው የጋሽ ምድጃን የመጀመሪያ ልጅ ነው። ከአባቱ ጋር ዳቦ የሚጋግር፣ ትዳር የያዘ፣ የአንዲት ሕፃን አባት ነው። አምና በዳቦ ቤቱ የጋዝ ምድጃ ፈነዳ። ሎጋው ይሉት የነበረው፣ ከበኩሩ ጋር አብሮ ሥራ የጀመረው ባልንጀራው ሞተ። በኩሩን ፍንዳታው አንስቶ የዱቄት ጆንያዎቹ ላይ ወረወረው፤ ክንዱ ተቃጥሎ ተረፈ። መርማሪዎች መጥተው አዩ፣ የተበላሸው የጋዙ ቫልቭ ነው ብለው ሄዱ። ክንዱም ዳነ። እሱ ግን አልዳነም። ጆንያ ሲወድቅ ከመሬት ይዘላል። እንቅልፍ የለውም፤ ካሸለበም እየጮኸ ይነቃል። እጁን ይታጠባል፣ ደግሞ ይታጠባል፤ ሊጥ መንካት ካቆመ ከራርሟል። ሚስቱ «አጠገቤ ተኝቶ የለም» እያለች ስታለቅስ ቆይታ፣ ሕፃኗን ይዛ ለጊዜው እናቷ ዘንድ ሄዳለች። «ለጊዜው» የሚባለው ጊዜ ደግሞ እንደሚረዝም ያገባ ሁሉ ያውቃል።

ጋሽ ምድጃ እጃቸውን አጣጥፈው የሚቀመጡ አባት አይደሉም፤ ለልጃቸው አንድ ደንብ አወጡ። ዳቦ ቤት ውስጥ በትሪ መነጋገር የቆየ ልማድ ነው፤ ማሽኑና ምድጃው ስለሚጮሁ ቃል አይሰማም። ትሪ ሁለት ጊዜ ከተመታ «ምድጃ ሊከፈት ነው፣ ራቁ» ማለት ነው። እሳቸው ሌላ ምልክት ጨመሩበት፤ አንድ ጊዜ ከተመታ «ልጁ መጣ» ማለት ሆነ። ያን ጊዜ ማቡኪያው ይቆማል፣ አዲሱ ምድጃ ይጠፋል፣ የሠራተኛው አፍ ሁሉ ይዘጋል። በኩሩ አልፎ ወደ መሸጫው ክፍል እስኪገባ ድረስ ዝንብ አይንቀሳቀስም። የሎጋውን ስም መጥራት ክልክል ነው። ሽርጡን ይሰቅልበት የነበረው ምስማር ሳይቀር ተነቀለ። ሰፈሩ ሁሉ «አባት ማለት እንዲህ ነው» ብሎ አመሰገነ።

«እና ዛሬ ምን ሊያደርጉ ነው የመጡት?» አልኳቸው።

«ሲወጣ ይዤው እሄዳለሁ። ነገ ጓዙን ጠቅልሎ ሩቅ ያለው ወንድሜ ጋ ይሄዳል። እዚያ ማንም አያውቀውም፣ ማንም አይጠይቀውም። ይረሳዋል።»

«ሚስቱስ? ልጁስ?»

«ሲረሳ ይመለሳል።»

ጃንጥላ ሻጩ ትዕግሥቱ አለቀ መሰለኝ፣ «አባቴ፣ ወይ ይግዙኝ ወይ ይልቀቁኝ፤ እርስዎን ፈርቶ ደንበኛዬ ሁሉ ማዶ ተሻገረ» አለ። ጋሽ ምድጃ ሰላይነታቸው እንዳይጋለጥ ሲሉ ጃንጥላውን ገዙ። በዚህ ቅጽበት ነው ሁለተኛዋ ልጃቸው፣ በጤና ጣቢያ ነርስ የሆነችው፣ ከሥራ ወጥታ ወንድሟን ልትጠብቅ ስትመጣ ከፊታችን የቆመችው።

«አባባ፣ ደህና ዋሉ። እትዬ፣ ደህና ዋልሽ» አለች። ቀጥላም አባቷን ከካፖርቱ እስከ ጫማው አየቻቸው። «ብርድ አለ?»

«ጎረቤትሽን ላግዛት ነው የመጣሁት። ካርቶን ከብዷት» አሉ።

ካርቶኑ እኔ እጅ ላይ ነበር። ነርሷ አልሳቀችም፤ ጨዋ ልጅ ናት። ከሕንፃው በር ፊት ለፊት ወዳለች ሻይ ቤት ይዛን ገባች። ጋሽ ምድጃ በሩን የሚያሳየውን ወንበር መርጠው ተቀመጡ።

ክርክሩ ሻዩ ሳይቀርብ ተጀመረ።

«አንቺ ነሽ ወንድምሽን እዚያ የወሰድሽው» አሉ። «አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። ያቺን ሴትዮ ማን ነው የላካት?»

«ማንም አልላካት፤ የሥነ ልቦና ባለሙያ ናት፣ ሥራዋ ነው። ለምን ጠረጠሯት?»

«ስለ ቫልቩ ጠይቃዋለቻ! ‹ቫልቩ ሲከፈት የት ነበርክ› ብላዋለች። ይህን ማን ይጠይቃል? የመድን ሰው ነው የሚጠይቀው። ነገ ‹ልጅህ እንዲህ ብሏል› ብለው ዳቦ ቤቴን ሊያዘጉ ነው።»

«ስለ ቫልቩ መጠየቋን እንዴት አወቁ?»

«እንዴትስ ባውቅ?»

«አባባ፣ በር ላይ ቆመው ሰሙ?»

«ጫማዬን እያሰርኩ ነበር።»

ሦስታችንም ወደ ጫማቸው አየን። ማሰሪያ የለውም። ጋሽ ምድጃ እግራቸውን ወንበር ሥር ሸሸጉ።

«እሺ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አንቺ ነርስ ነሽ። የጤና ሰው ከጤና ሰው አይደባበቅም። ምን እንደነገራት ጠይቂና ንገሪኝ።»

«አልችልም።»

«ወንድምሽ ነው እኮ!»

«ብጠይቃትም አትነግረኝም። እዚያ ክፍል ውስጥ የተነገረ ነገር የተናጋሪው ነው፤ እሱ ካልፈቀደ አይወጣም። በራሱ ወይም በሌላ ሰው ሕይወት ላይ አደጋ ካለ ብቻ ነው ባለሙያ ዝም የማይለው። ለእህቱ ያልተነገረ ነገር ለመድን ሰው የሚነገር ይመስልዎታል?»

ጋሽ ምድጃ ይህን ሲሰሙ ሻያቸውን ፉት አሉ። ጠርጣራ ሰው መልካም መልስ ሲያገኝ ይከፋዋል፤ ሌላ ጥርጣሬ እስኪያዘጋጅ ድረስ የሚለው ያጣል።

«ይሁን» አሉ። «የሆድን በሆድ መያዝ ግን ምን ነውር አለው? ዝም አይነቅዝም ይባል የለ? ቁስል ሲነካኩት ያመረቅዛል። ልጁ ሊረሳ ሲል እሷ ታስታውሰዋለች። ‹እንደገና ንገረኝ፣ ከመጀመሪያው ንገረኝ› ትለዋለች። ይህ ሕክምና ነው ወይስ ግርፋት?»

«እየረሳ ቢሆን ኖሮ እኔም አልወስደውም ነበር። አባባ፣ እርስዎ ዱቄት ያውቃሉ። ጆንያውን ጥርቅም አድርገው ዘግተው፣ ጨለማ ውስጥ ከተውት ዓመት ቢያቆዩት ምን ይሆናል?»

«ይሻግታል።»

«ይነቅዛልም።»

«ዱቄት ነዋ! ሰው ዱቄት ነው?»

«ሰውም ታምቆ ሲቆይ ደህና አይሆንም። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም ይሉ የለ?» ነርሷ ወንበሯን ወደ አባቷ አስጠጋች። «የሱ ሕመም ስም አለው፤ ድኅረ አደጋ ሰቀቀን ይባላል። ሞት አፋፍ ደርሶ የተመለሰ ሰው፣ ሌላው ሲሞት ያየ ሰው፣ የተደበደበ፣ የተደፈረ፣ ከእሳት ወይም ከመኪና አደጋ የተረፈ፣ ማንኛውንም ሰው ሊይዘው ይችላል። ያዩ ሁሉ አይታመሙም። ብዙው ሰው ጊዜ ሲሰጠው ይረጋጋል። አንዳንዱ ላይ ግን ወር አልፎም፣ ዓመት አልፎም አይለቅም።»

«የልብ ድክመት ነው በይኝ።»

«አይደለም። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል አይደል? በልጥ የበረየውን ሰው ሰነፍ አንለውም፤ እባብ ስላየ ነው እንላለን። አእምሮ ከአደጋ የሚጠብቅ ዘበኛ አለው። ያ ዘበኛ አንድ ቀን ክፉኛ ደነገጠ፤ ከዚያ ወዲያ ጆንያ ሲወድቅም ይጮኻል፣ በር ሲንኳኳም ይጮኻል። ጉዳዩ ያለፈ መሆኑን አያውቅም። ለሱ ገና ዛሬ ነው። ስለዚህ ወንድሜ እንቅልፍ የለውም፣ በትንሹ ይቆጣል፣ ያን ቀን የሚያስታውሰውን ሁሉ ይሸሻል። በሸሸ ቁጥር ደግሞ ዘበኛው ‹ትክክል ነበርኩ፣ አደጋ አለ› ይላል።»

«አባቴ ጉድጓድ ቆፋሪ ነበሩ» አሉ ጋሽ ምድጃ፣ የመጨረሻ ካርታቸውን እንደሚጥል ሰው ተዘጋጅተው። «አፈር ተደርምሶባቸው በገመድ ተጎትተው ወጡ። በማግሥቱ አካፋቸውን ይዘው ሥራ ገቡ። ባለ መነጽር አልፈለጉም።»

«አያቴ በር ዘግተው ተኝተው ያውቃሉ?»

ጋሽ ምድጃ ሻያቸውን ማማሰል ጀመሩ።

«አባባ?»

«አያውቁም። በር ከተዘጋ... ይጮሁ ነበር።»

«እናንተ ምን ትሉ ነበር?»

«አየር ይወዳሉ እንል ነበር» አሉ ቀስ ብለው።

እኔ ትምህርቴ ከስምንተኛ ክፍል አልዘለለም፤ ጋዜጣ ግን ቁልፍ ሳልጠቀልልበት በፊት አነባለሁ። በዚያች ደቂቃ ስንቱን ሰው «አየር ይወዳል»፣ «ሰው አይወድም»፣ «ጠባዩ ነው» እያልን እንዳለፍነው አሰብኩ። ያገራችን ሰው ለሕመም ሁሉ የሚያምር ስም ማውጣት ይችልበታል፤ የቸገረው ማከሙ ነው።

«ታዲያ ሕክምናው ይኸው ነው? ማስወራት?» አሉ ጋሽ ምድጃ። ድምፃቸው ወርዷል፤ ዓይናቸው ግን አሁንም የሕንፃው በር ላይ ነው።

«ማስወራት ብቻ አይደለም። የሚያምነው ሰው አጠገቡ ተቀምጦ፣ በራሱ ፍጥነት፣ ያን ቀን ይናገራል። ደጋግሞ ሲናገረው አእምሮው ቀስ በቀስ ‹ይህ አልፏል› ማለት ይለምዳል። የሸሻቸውን ነገሮች ደግሞ ከቀላሉ ጀምሮ አንድ በአንድ ይጠጋቸዋል፤ ማንም ገፍትሮ አይወረውረውም። ‹ጥፋቱ የኔ ነው› የሚል ሐሳብ ካለውም ሐሳቡ እውነት መሆን አለመሆኑን አብረው ይመረምራሉ። ለአንዳንዱ ሐኪም መድኃኒትም ያዝለታል። መጀመሪያ ላይ ሊከብድ ይችላል፣ ለዚያ ነው ዓይኑ ቀልቶ የሚወጣው። ሁሉም ሰው ይድናል ብዬ አልምልልዎትም። ብዙ ሰው ግን ይሻለዋል። መሃል ላይ ጎትተው ካወጡት ደግሞ ቁስሉን ከፍተው ሳያጥቡ እንደመተው ነው።»

ጋሽ ምድጃ ሊመልሱ ሲሉ በኩሩ ከሕንፃው ወጣ። እንዳሉት ነው፣ ዓይኑ ቀልቷል። እኛን በመስታወቱ ሲያይ ቆመ፣ ከዚያ መንገዱን ተሻግሮ ገባ።

«ተነስተን እንሂድ» አሉት አባቱ ሳይቀመጥ። «ነገ አጎትህ ጋ ትሄዳለህ። ጨርሻለሁ።»

«አልሄድም፣ አባባ።»

ጮክ ብሎ አልነበረም የተናገረው። ጋሽ ምድጃ ግን በጥፊ የተመቱ ያህል ወደኋላ አሉ። «ምን አጎደልንብህ?» አሉ። «ያልተደረገልህ ምን አለ? ሥራ እናቆምልሃለን! አንተ ስትገባ ምድጃውን እናጠፋለን፣ ማሽኑን እናቆማለን፣ እንዳትደነግጥ ትንፋሻችንን እንይዛለን! ስንት ዙር ሊጥ እንደተበላሸ ታውቃለህ? ይህን ሁሉ ትተህ የማታውቃትን ሴት ታምናለህ?»

በኩሩ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። እጁን ጠረጴዛው ላይ አደረገ፤ ከመታጠብ ብዛት ቆዳው ተሰነጣጥቋል።

«እሱን ነው ልነግርዎት የፈራሁት» አለ። «ያን ቀን ሥራ ላይ ነበርን። ምድጃ ሁልጊዜ ያጉረመርማል፣ እርስዎ ያውቁታል። ሲያጉረመርም ደህና ነው። ሎጋው ቀና ብሎ ‹ዝም አለ እኮ› አለኝ። አዳመጥኩ፤ እውነትም ዝም ብሏል። ‹አቀጣጥለው› አለኝ። ‹እጄ ሊጥ ነው፣ አንተ አቀጣጥለው› አልኩት።»

ነርሷ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ይህን እሷም አልሰማችም ነበር።

«እጄ ሊጥ ነው አልኩት» አለ በኩሩ ደግሞ። «እሱ ሄደ። ጋዙ ያለ እሳት ሲፈስ እንደቆየ ማናችንም አላወቅንም። አባባ፣ የፈነዳበትን ድምፅ አላስታውሰውም። የማስታውሰው ከዚያ በፊት የነበረውን ዝምታ ነው።»

«እና...» አሉ አባቱ።

«እና እኔ በገባሁ ቁጥር ትሪ ይመታል። ከዚያ ምድጃው ዝም ይላል። ሁላችሁም ዝም ትላላችሁ፣ ታዩኛላችሁ። በየቀኑ ያ ቀን ይመጣል። በየቀኑ ሊፈነዳ ነው እያልኩ በመሃላችሁ አልፋለሁ።»

የጋሽ ምድጃ ብርጭቆ መንገድ ላይ ቀረ፤ ወደ አፍ አልሄደም፣ ወደ ጠረጴዛም አልተመለሰም። ሆኖም ሰው አመሉን በአንድ ቀን አይጥልም። «ይህን እሷ ናት ያስጠናችህ?» አሉ።

«እሷ የጠየቀችኝ ‹የትኛው ድምፅ ነው የሚያስደነግጥህ› ብላ ነው። ስፈልግ ስፈልግ ድምፅ አልነበረም።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«እርስዎ እንዳይነሳ ብለዋላ። ስሙን እንኳ መጥራት እንፈራለን።»

ጋሽ ምድጃ ካፖርታቸውን አወለቁ፤ ላብ አጥምቋቸው ነበር። «ሴትዮዋን በዓይኔ አይቼ በአፌ ማናገር እፈልጋለሁ» አሉ። በኩሩም «የሚቀጥለው ሐሙስ ይምጡ፣ እነግራታለሁ» አለ። ለአጎቱ ስልክ ሳይደወል ቀረ።

ሐሙስ ዕለት ሄዱ። ሲመለሱ ሱቄ በር ላይ ቆመው ዘገባቸውን አቀረቡ።

«‹ማን ላከሽ?› አልኳት ፊት ለፊት።»

«በስመ አብ! ጋሼ!»

«አልተቆጣችም። ‹ልጅዎን ለመጠበቅ ነው የሚጠይቁኝ፣ ስለዚህ ይጠይቁኝ› አለች። ልጄን አስፈቅዳ፣ እሱ ባለበት፣ ቫልቩን ለምን እንደጠየቀችው ነገረችኝ። ያን ጊዜ የሚያውቀውንና አሁን የሚያውቀውን እየለየች ነው። ‹ጋዙ እየፈሰሰ መሆኑን ያን ጊዜ ታውቅ ነበር?› ትለዋለች። ‹አላውቅም› ይላል። ‹ሎጋው የሚሞት መሆኑን እያወቅህ ላክኸው?› ‹ባውቅ አልልከውም ነበር።› እንዲህ፣ እንዲህ። እጁ ሊጥ የሆነ ሰው ‹እጄ ሊጥ ነው› ከማለት ሌላ ምን ይላል?» የቅንድባቸውን ዱቄት አራገፉ። «ጎበዝ ናት። አንድ ነገር ብቻ አልወደድኩላትም።»

«ምኑን?»

«‹እርስዎስ ያን ቀን የት ነበሩ?› አለችኝ።»

«ምን አሏት?»

«ሊጥ ይጠብቀኛል ብያት ወጣሁ።»

በማግሥቱ ዳቦ ቤቱ ውስጥ ሠራተኞቹን ሰብስበው፣ እኔም በግድግዳው በኩል እየሰማሁ፣ አዲስ ደንብ አወጁ። ከእንግዲህ ለልጁ ትሪ አይመታም። ምድጃው ያጉረምርም። የሚያወራ ያውራ፣ የሚቀልድ ይቀልድ። ሎጋውንም በስሙ መጥራት ይቻላል። ይህን ሲሉ አንዱ ሠራተኛ «ሎጋው ይህን ቢሰማ ‹አንድ ዓመት ሙሉ ዝም ብላችሁ እንዴት አልፈነዳችሁም› ይል ነበር» አለ። ሳቅ ተሰማ፤ ከሳቁም በኋላ ለቅሶ። እንደዚያ ያለ ሳቅና ለቅሶ በአንድነት ከዚያ ቤት ሲወጣ ከአደጋው ወዲህ የመጀመሪያው ነበር።

በኩሩ ከባለሙያዋ ጋር የተስማማውን ደረጃ በደረጃ ተያያዘው። መጀመሪያ እሳቱ እየነደደ በሩ ላይ ቆመ። ከዚያ እስከ ማቡኪያው ሄደ። ከዚያ ሊጥ ነካ፤ ነክቶም ወዲያው ሳይታጠብ ቆየ። ይህችን ቀላል ነገር የሚላት ካለ እንደሱ ታምሞ አያውቅም። ምድጃውን አጥፍተው ዝም ባለ ምድጃ አጠገብ የተቀመጠበት ቀን ሸሚዙ በላብ ርሶ ወጣ፤ ግን ተቀምጦ ጨረሰው። አንዳንድ ሌሊት አሁንም ይነቃል። አንዳንድ ቀን ይጨልምበታል። ቢሆንም ሚስቱ ስትጎበኘው ቆይታ አንድ እሑድ ሻንጣዋን ይዛ መጣች፤ ሕፃኗም አባቷ ትከሻ ላይ ተኝታ ዳቦ ቤቱን አቋርጣ ስታልፍ ማንም ትንፋሹን አልያዘም።

ምክር መስጠት የሚወድ ሰው እድሉን ሲያገኝ አይለቅም፤ እኔም አለቅም። ቤታችሁ ውስጥ ከክፉ ቀን የተረፈ ሰው ካለና እንቅልፍ ካጣ፣ ከበረገገ፣ ከሸሸ፣ «ጠባዩ ነው» ብላችሁ አትለፉት። አስገድዳችሁ አታናግሩት፣ ግን አፉንም አትዝጉበት። ስትራሩለት እንኳ ምን እንደሚያስፈራው ጠይቁት፤ ሳትጠይቁ የምትሠሩለት ቸርነት በልኩ ያልተሰፋ ልብስ ነው። የሚያክም ሰው አለ፤ ሕክምናው ጊዜ ይወስዳል፣ መሃሉ ይከብዳል፣ ሲሳካ ግን ትዳር ይመልሳል፣ እጅን ወደ ሥራ ይመልሳል። ባለሙያውን መጠርጠር ካማራችሁ ደግሞ እንደ ጋሽ ምድጃ ፊት ለፊት ሄዳችሁ ጠይቁ። ጃንጥላ መግዛት አያስፈልግም።

እዚህ ላይ ብጨርስ ነገሬ ባማረ ነበር። ግን ባለፈው ሳምንት አንድ ረፋድ ላይ ቁልፍ በየመጠኑ ስለይ ግድግዳዬ ዝም አለ። ለዓመታት የለመድኩት የምድጃው ማጉረምረም በድንገት ጠፋ። ማንም ያጠፋው አልነበረም፤ አዲሱ ምድጃ እሳቱ ሲሞት ጋዙን ራሱ የሚዘጋ ነው፣ በራሱ ቆመ።

ጋሽ ምድጃ ሱቄ ውስጥ ገቡ። እንዴት እንደገቡ አላየሁም፤ ብቻ ባንኮኒዬን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ቆመዋል።

«ክር» አሉ።

«ምን ዓይነት?»

«ነጭ። ጥቁር።»

ፊታቸው ከዱቄቱ ይበልጥ ነጥቷል። ባንኮኒው እየተንቀጠቀጠ ቁልፎቼ ይንጫጫሉ። ከግድግዳው ማዶ የበኩሩ ድምፅ ይሰማል፦ «ማንም እሳት አይጫር። መስኮቱን ክፈቱ። ዋናውን ጋዝ ዘጋሁት። እንጠብቃለን።» ድምፁ ይንቀጠቀጣል፣ ግን አልተቋረጠም። ጠበቁ። እኛም ጠበቅን። ጋሽ ምድጃ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ብዙ ከቆየ በኋላ ማጉረምረሙ ግድግዳውን አልፎ ተመለሰ።

በኩሩ እጁ እስከ ክርኑ ሊጥ እንደሆነ መጣ። «አባባ፣ ነደደ። ይምጡ» አለ።

አባቱ አልተንቀሳቀሱም። ልጅየው አያቸው፤ ባዶ ካርቶኔን ገልብጦ እጃቸውን ይዞ አስቀመጣቸውና ከጎናቸው ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

«ያን ቀን ከእሳቱ ያወጣሁት እኔ ነኝ» አሉ ጋሽ ምድጃ ወለሉን እያዩ። «ሎጋውን። በእጄ። ማንም አልጠየቀኝም።»

«አሁን እኔ እየጠየቅሁዎት ነው።»

ሽማግሌው ወደ በሩ አዩ። «ዳቦው ያርራል» አሉ።

«ይረር።»

ጋሽ ምድጃም ቀስ ብለው፣ ከመጀመሪያው፣ መናገር ጀመሩ።